ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፦ ኩላሊት ሲደክም ቤት የሚገባው ሒሳብ

«ኩላሊቴን ብርድ መታኝ» ስንል እጃችን የሚሄደው ወደ ወገባችን ነው። ጎንበስ ብለን ስንነሣ ሲይዘን፣ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጠን ነፋስ ሲመታን፣ ጥፋተኛው ሁሌም ኩላሊት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያ ሕመም የጡንቻ ወይም የአከርካሪ ነው። ጠጠርና ኢንፌክሽን በርግጥ ያማሉ። ጠጠርማ መሬት ላይ ያንከባልላል። ሥር የሰደደው የኩላሊት ሕመም ግን ለዓመታት ምንም ላያሳምም ይችላል። ዝም ይላል። ነገሩን ውድ የሚያደርገው ይኸው ዝምታው ነው። ሰው ሲነቃ ሒሳቡ ተጠራቅሞ ይጠብቀዋል።

ይህን ያስተማሩኝ የድሮ ጎረቤታችን ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ፒያሳ አካባቢ ከ30 ዓመት በላይ ልብስ ሰፍተዋል። የእኔን የሠርግ ሱሪ ያሳጠሩት እሳቸው ናቸው። ካዛንችስ ለልማት ሲነሣ እሳቸው ወደ ከተማው ዳር ወጡ፤ እኔ አራት ኪሎ ተከራየሁ። ደም ግፊት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። ኪኒኑን ግን የሚውጡት ራሳቸውን ሲያዞራቸው ብቻ ነው። ማታ ማታ እግራቸው ማበጥ ሲጀምር «ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ስለምውል ነው» አሉ። ምግብ ሲያስጠላቸው ጨጓራ ነው ተባለ። አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል ሲገቡ፣ ኩላሊታቸው ሥራ ማቆሙ ታወቀ። በዚያው ሳምንት አንገታቸው ላይ ቱቦ ገብቶላቸው፣ ደምን በማሽን የሚያጣራውን እጥበት ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ሳምንታቸው የተሠራው ከሦስት ቀን ነበር፤ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ሰኞና ዓርብ ልጃቸው፣ ረቡዕ ደግሞ እኔ ይዣቸው እሄድ ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነርሶችንና ሐኪሞችን የጠየቅሁትን፣ ማታ ቤት ገብቼ ያነበብኩትን ነው። ለአራት ሰዓት ሰው እየጠበቀ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ይጠይቃል።

ኩላሊት የሚሠራው ሥራ

ሁለቱ ኩላሊቶቻችን እያንዳንዳቸው የቡጢ ያህል ናቸው። በእያንዳንዳቸው ውስጥ 1 ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ያጣራሉ። ከዚያ ሁሉ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን 1 ወይም 2 ሊትር ብቻ ነው። ሌላውን መርጠው ወደ ደም ይመልሱታል። ሰፌድ ይዛ ጤፍ የምታነፍስ እናትን አስቡ። ገለባው ይወጣል፣ ፍሬው ይቀራል። ሙያው ያለው ማስቀረቱ ላይ ነው።

ኩላሊት ሌላም ሥራ አለው። የደም ግፊትን ያስተካክላል። የጨውንና የፖታሲየምን መጠን ይጠብቃል። አጥንት ቀይ የደም ሴል እንዲያመርት የሚያዝዘውን ሆርሞን ያመነጫል። ቫይታሚን ዲን ለአጥንት በሚጠቅም መልኩ ያዘጋጃል። ስለዚህ ኩላሊት ሲደክም ደም ያንሳል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ልብ ይጨናነቃል። ታማሚው «ኩላሊቴ ነው» ቢልም ቤቱ የሚገባው የመድኃኒት ከረጢት የአምስት በሽታ ያህል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ዝምታው ከየት ይመጣል? ኩላሊት ብዙ መጠባበቂያ አለው። ሰው በአንድ ኩላሊት በደንብ ይኖራል። ማጣሪያዎቹ እየሞቱ ሲሄዱ የቀሩት ሥራውን ደርበው ይይዙታል። ክሬቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ እንኳ የማጣራት አቅሙ ግማሽ እስኪደርስ ድረስ «ደህና» ሊመስል ይችላል። ሐኪሞች ከክሬቲኒን፣ ከዕድሜና ከጾታ ተነሥተው የማጣራት አቅምን የሚያሳይ ቁጥር ያሰላሉ። ቁጥሩ ከ60 በታች ሆኖ 3 ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ወይም ሽንት ውስጥ ፕሮቲን እየታየ ከዘለቀ፣ ሕመሙ ሥር ሰዷል ይባላል። ደረጃው አምስት ነው። አምስተኛው ከ15 በታች ነው፤ በግርድፉ ከ100 እጅ 15 እጅ የማይሞላ አቅም ቀርቷል እንደማለት። የጋሼ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን 6 ነበር።

መንስኤዎቹን ሳልዘረዝር አላልፍም። ቀዳሚዎቹ ስኳርና ደም ግፊት ናቸው። የሰውነት መከላከያ ራሱ ማጣሪያዎቹን የሚያጠቃበት ሕመም አለ። ኤችአይቪ አለ፤ በጠጠር ወይም በፕሮስቴት ምክንያት የሽንት መንገድ ተዘግቶ መቆየትም አለ። ከፋርማሲ በራሳችን ፈቃድ ገዝተን እንደ ከረሜላ የምንውጣቸው እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች አሉ። ምን እንዳለበት የማይታወቅ የባህል መድኃኒትም አለ። ብርድ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ማሽኑ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943፣ በጀርመን በተያዘችው ኔዘርላንድ፣ ቪለም ኮልፍ የሚባል ወጣት ሐኪም የመጀመሪያውን የእጥበት ማሽን ሠራ። ደሙን ያሳለፈው ቋሊማ በሚታሸግበት የሴሉሎስ ልባስ ውስጥ ነበር። ልባሱን በእንጨት ከበሮ ላይ ጠምጥሞ ጨዋማ ውሃ ውስጥ አሽከረከረው። የዛሬው ማሽን መልኩ ይለይ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ደም ከስስ ልባስ በአንዱ ወገን፣ የተዘጋጀ ፈሳሽ በሌላው ወገን ያልፋል። ቆሻሻው ወደ ፈሳሹ ይሻገራል።

አንድ እጥበት አብዛኛውን ጊዜ 4 ሰዓት ይወስዳል። በደቂቃ ወደ 300 ሚሊ ሊትር ደም ወጥቶ ይመለሳል። በአንድ እጥበት ብቻ 120 ሊትር ያህል ልዩ ሆኖ የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው አይጠፋውም። ታንከር፣ ማጣሪያ፣ ጄኔሬተር ያስፈልጋል። መብራት ድርግም ሲል ነርሶች የማሽኑን መዘውር በእጃቸው እያዞሩ ደሙን ወደ ባለቤቱ የሚመልሱበት ጊዜ አለ። አንድ ረቡዕ አይቻለሁ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልተናገረም። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ጋሼ «ተመስገን፣ ዛሬ ደግሞ በእጅ ተሰፋሁ» አሉ።

አሁን አንድ ስሌት። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ጤነኛ ኩላሊት 168ቱንም ይሠራል። ማሽኑ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለአራት አራት ሰዓት ቢሠራ 12 ሰዓት ነው። እጥበት የኩላሊትን ሥራ የሚተካው በከፊል ብቻ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ሆርሞኑንም አያመርትም። እጥበት ኩላሊቱን አያድንም። ጊዜ ይገዛል።

ጊዜው በስንት ይገዛል?

ዋጋው እንደየቦታው ይለያያል። የመንግሥት ሆስፒታል ይቀንሳል፣ የግሉ ይጨምራል። ለስሌት እንዲመቸን ግን አንድ እጥበት 3,000 ብር ነው እንበል። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በዓመት 156 ጊዜ ማለት ነው። 468,000 ብር። በወር ሲካፈል 39,000 ብር።

39,000 የሚለውን ቁጥር የት ነው የማውቀው ስል ትዝ አለኝ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ የመጨረሻው ጣሪያ 39,000 ብር ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ የሚጀምር ሰው ደግሞ 11,500 ያገኛል፤ ያውም ግብር ሳይቆረጥ። በዚህ የምሳሌ ዋጋ እንኳ ትልቁ ደሞዝተኛ ሙሉ ደመወዙን ለማሽን ከፍሎ ለእንጀራ የሚተርፈው የለም።

ዋጋው ለምን ይወጣል? ማጣሪያው፣ የደም መስመሩ፣ መርፌው፣ ፈሳሹ፣ ማሽኑ ራሱ፣ አብዛኛው ከውጭ በዶላር የሚመጣ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ 100 አለፈ። ቴሌቪዥን ለመግዛት ያሰበ ሰው «ይቆየኝ» ሊል ይችላል። ማክሰኞ ተነሥቶ «ነገ አልታጠብም» የሚል ሰው ግን የሚከራከረው ከሕይወቱ ጋር ነው።

«የጤና መድን የለም እንዴ?» ትሉኛላችሁ። ለደመወዝተኛ የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ከአጣዳፊ የኩላሊት ድካም በስተቀር እጥበትን ከሚሸፍናቸው ሕክምናዎች ውጪ አድርጎት ነበር፤ የአካል ንቅለ ተከላንም እንዲሁ። አሠራር ይቀያየራል። ስለዚህ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ያላችሁ «አይሸፍንም አሉ» በሚል ወሬ አትቅሩ። ወረዳችሁ ሄዳችሁ የዘንድሮውን ጠይቁ። እጥበቱ ባይሸፈን እንኳ ምርመራው ወይም የግፊት መድኃኒቱ ሊሸፈን ይችላል።

የማሽኑ ዋጋ ደግሞ ደረሰኝ ያለው ሒሳብ ነው። ደረሰኝ የሌለውስ? ጋሼ ከከተማው ዳር መሀል ከተማ ለመድረስ በሳምንት ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ነበረባቸው። ሲሄዱ ሚኒባስ ይቻላል። ሲመለሱ ግን እግራቸው አይጸናም፤ ላዳ ወይም ራይድ ግድ ነው። ደም እንዳያንሳቸው የሚወጉት መርፌ አለ። የየወሩ ላቦራቶሪ አለ፣ የግፊት ኪኒን አለ። ልጃቸው ፈቃድ ስትጠይቅ የሚቆረጥባት አለ። ከክፍለ ሀገር የመጡት ሆስፒታል አጠገብ ክፍል ይከራያሉ። አገራቸው በሬ ተሸጧል፣ እዚህ ኪራይ ይከፈላል። አንድ ከጎኔ የተቀመጡ እናት «ልጄ ሁለት ቤት አለው፤ አንዱ ባዶ ነው፣ አንዱ የሰው ነው» አሉኝ።

ሥራስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ደመወዝ። ሕጉ የተጻፈው ታሞ ለሚድን ሰው ይመስላል። በሳምንት ሦስት ቀን የሚታጠብ ሰው በዓመት 156 ቀን ይፈልጋል። ያ ከ5 ወር በላይ ነው፣ ለዚያውም ሳይድን። እንደ ጋሼ የራሱ ሥራ ያለው ደግሞ ፈቃድ የሚሰጠውም የሚከለክለውም የለም። ሱቁ በሳምንት ሦስት ቀን ሲዘጋ ደንበኛ አራተኛውን ቀን አይጠብቅም።

የዚህ ሕመም ክፋት እዚህ ላይ ነው። ወጪው የሚጀምረው ገቢው በሚቆምበት ቀን ነው።

ከሦስት ወደ ሁለት

ስድስት ወር አካባቢ ሲሆን እትዬ፣ ባለቤታቸው ማለት ነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ረቡዕን ብንተወውስ?» አሉ። ጋሼ ቀድመው መለሱ። «እኔም ደህና ነኝ። ሁለት ጊዜ ይበቃኛል።» ደህና አልነበሩም። ሒሳቡን ስላዩ ነው። ቀናቸው ሰኞና ሐሙስ ሆነ።

የኑሮ ጥራትና ገንዘብ ሁለት የተለያዩ ርዕሶች ይመስሉኝ ነበር። ከዚህ በኋላ አልመሰለኝም። ሽንት ለማይሸና ሰው የጠጣው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ሲታጠቡ ትልቁ ክፍተት ከዓርብ እስከ ሰኞ ነው። ያችም ብቻዋን አደገኛ ናት፤ ከረጅሙ ክፍተት በኋላ ባለው ቀን ሆስፒታል የሚገባውም የሚሞተውም ሰው ከሌላው ቀን እንደሚበዛ ይታወቃል። ሰኞና ሐሙስ ሲሆን ደግሞ ከሐሙስ እስከ ሰኞ አራት ቀን ነው። በአራት ቀን አራት ኪሎ ውሃ ይጠራቀማል። እግር ያብጣል፣ ከዚያ ሳንባ ይረጥባል። ትራስ ደራርቦ ቁጭ ብሎ ማደር ይመጣል። ያን ሁሉ ውሃ በአራት ሰዓት ለማውጣት ማሽኑ ሲጣደፍ ግፊት ይወርዳል፣ እግር በጡንቻ መሸማቀቅ ይያዛል። ቤት ሲደረስ ቀሪው ቀን እንቅልፍ ነው። ፖታሲየም ደግሞ አስታውቆ አይመጣም። ሲበዛ የልብ ምት ያዛባል፤ ልብ ሊያቆምም ይችላል።

ጋሼ በሦስተኛው ሳምንት ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ኦክስጅን፣ አልጋ፣ አስቸኳይ እጥበት። የተረፈችው የረቡዕ ብር በአንድ ሌሊት ሄደች፤ ብድርም ጨመረች። ከወጡ በኋላ አሥር ቀን መርፌ መያዝ አልቻሉም። መርፌ ካልያዙ ደግሞ ገቢ የለም። ገቢ ከሌለ ሦስተኛው እጥበት የለም።

ለእውነቱ ሁለት ጊዜ የሚበቃው ሰው አለ። ሽንቱ ገና ያልቆመ፣ ምርመራው ታይቶ ሐኪሙ የወሰነለት። ያ ሌላ ነው። ኪስ ሲወስን ነው ችግሩ።

ኪስ ብቻም አይደለም የሚወስነው። አንድ ማሽን በቀን ሦስት ፈረቃ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠራ 18 ተራ አለው። ሁሉም ሦስት ሦስት ጊዜ ቢታጠቡ ማሽኑ የሚይዘው 6 ሰው ነው። ሁለት ሁለት ጊዜ ቢታጠቡ 9 ሰው። በር ላይ ሌላ ሰው እየጠበቀ፣ የትኛው ይሻላል? ዋጋው ቀለል ባለበት ቦታ ተራ የሚገኘው አንድ ሰው ንቅለ ተከላ ሲያገኝ፣ አገር ሲቀይር፣ ወይም ሲሞት ነው። «ተራ ተገኘልን» ተብሎ ሲደወል እትዬ ደስ ብሏቸው እልል ሊሉ ነበር። ከዚያ ዝም አሉ።

ውሃ፣ ሽሮ፣ ጸበል

የኑሮ ጥራት የሚለው ቃል የስብሰባ ቃል ይመስላል። ጋሼ ቤት ትርጉሙ ውሃ ነው። በቀን የሚፈቀድላቸው አንድ ሊትር አይሞላም። ሾርባውም፣ ሻዩም፣ የወጡ መረቅም ይቆጠራል። አንድ ስኒ ቡና ከ70 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ቢጠጡ ሩብ ሊትር ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ አቦልን በግማሽ ስኒ ይጠጣሉ፤ በረካ ላይ ስኒውን እያሸተቱ ይጫወታሉ። ጠያቂ ሁሉ ግን «ኩላሊት ነው? ውሃ በደንብ ይጠጡ!» ይላቸዋል። ያ ምክር ለጠጠር ነው። ለእሳቸው መርዝ ነው።

ምግቡም እንዲሁ ነው። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ አቮካዶ በፖታሲየም የበለጸጉ ናቸው። ጁስ ቤት የሚደረደረው ስፕሪስ ለታጣቢ ሰው ቦምብ ነው ብል አላጋነንኩም። ጥራጥሬ ፖታሲየምም ፎስፈረስም አለው። ሽምብራ ቆሎ፣ ምስር፣ ሽሮ። እዚህ ላይ ነው የእኛ አገር ነገር የሚወሳሰበው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። በጾም ቀን ማዕዱ ላይ ያለው ሽሮ ነው። እጥበት ደግሞ ፕሮቲን ይወስዳል። የሚታጠብ ሰው እንቁላልና ሥጋ በመጠኑ እንዲበላ የሚመከረው ለዚህ ነው። እትዬ ለወራት ተከራከሩ። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው መጥተው «ጋሼ፣ ሕመሙ ራሱ ጾም ነው፤ ሐኪሙ ያለውን ይብሉ» አሉ። ከጎናቸው ወንበር ያላቸው ሐጂ ደግሞ ረመዳንን እንዴት እንደሚያደርጉ ከኢማማቸውም ከሐኪማቸውም ጋር ተነጋግረዋል። ድንች ሲያምራቸው እትዬ ልጠው ቆራርጠው፣ ቀቅለው ውሃውን ይደፉታል። ፖታሲየሙ ከውሃው ጋር በከፊል ይሄዳል።

ጸበልን ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ የአዲስ አበባን ኩላሊት አልጻፍኩም። ብዙ ሰው እጥበቱንም ጸበሉንም ይዞ ይሄዳል፤ ይሂድ። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቅ። አንደኛ፣ በጀሪካን የሚጠጣ ጸበልም ውሃ ነው፤ ሳንባ ላይ ሲወጣ አይለይም። ሁለተኛ፣ አንገት ላይ ያለው ቱቦ መርጠብ የለበትም። ቱቦው የሚገባው ልብ አጠገብ ነው። በዚያ በኩል የገባ ጀርም ደም ውስጥ ገባ ማለት ነው። ቱቦ ያለው ሰው በመስቀል ተዳብሶ አንድ ጉንጭ ቢቀምስ ነው የሚሻለው።

ከቱቦ የተሻለው መንገድ ፊስቱላ ይባላል። ስሙን ሲሰሙ እትዬ ክው አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ፊስቱላ ሲባል ትዝ የሚለን የሐምሊን ሆስፒታልና በወሊድ የተጎዱ እናቶች ናቸው። ይኼኛው ሌላ ነው። ክንድ ላይ ደም ቅዳንና ደም መላሽን በቀላል ቀዶ ሕክምና ማገናኘት ነው። ደም መላሹ ይወፍርና መርፌ የሚችል ይሆናል። እጅ ሲያስቀምጡበት ይነዝራል። ችግሩ ለመድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ሕመሙ ቀድሞ የታወቀለት ሰው ማሽን ከመጀመሩ በፊት ያሠራዋል። እንደ ጋሼ በድንገት የገባ ሰው በአንገት ቱቦ ይጀምራል፤ ከኢንፌክሽኑና ከወጪው ጋር። ያ ክንድ ግፊት አይለካበትም፣ ደም አይቀዳበትም፣ ዕቃ አይሸከምም። ጋሼ በግራ ነው ያሠሩት። «መቀሱን የምይዘው በቀኝ ነው» ብለው።

ሌላውን ማንም አግዳሚ ወንበር ላይ ጮክ ብሎ አያወራም። ማሳከክ አለ፤ ሌሊቱን ሙሉ። እግር አላርፍ ማለት አለ። የወንድነትና የሴትነት ነገር ይቀዘቅዛል። በዚህ ጉዳይ ወንዶቹ ይቀልዳሉ፣ ሴቶቹ ዝም ይላሉ፣ ሐኪም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መፍትሔ የሚኖረው ጊዜ አለ። ድብርትም አለ። ጋሼ አንድ ሐሙስ ራይድ ውስጥ «ሸክም ሆንኩባችሁ» አሉኝ። «ኧረ ጋሼ» አልኩ። ከዚያ በላይ የምለው አጣሁ።

ኩላሊት መስጠት

ከማሽን የሚያወጣው መንገድ ንቅለ ተከላ ነው። በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ ንቅለ ተከላ በ1954 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቦስተን ላይ በመንትያ ወንድማማቾች መካከል ተደረገ። እኛ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው፤ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር። ከዚያ በፊት የቻለ ሕንድ ወይም ሌላ አገር ይሄድ ነበር።

እዚህ የተለመደው ለጋሽ በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። የደም ዓይነትና ሌላም ምርመራ መስማማት አለበት። ለጋሹ ስኳር፣ ግፊት፣ የኩላሊት ችግር የሌለበት ጤነኛ መሆን አለበት። ከሰጠ በኋላ በአንድ ኩላሊት መኖር ይችላል፤ ክትትል ግን ይፈልጋል። ጋሼ ቤት ይህ ወሬ ሲነሣ ሁሉም ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ልጃቸው «እኔ እሰጣለሁ» አለች። ጋሼ «ገና አልወለድሽም» ብለው ቁጣ ቁጣ አሉ። ወንድማቸው ደግሞ ግፊት አለበት። ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም።

ንቅለ ተከላም የወጪ መጨረሻ አይደለም። ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው በየቀኑ፣ ኩላሊቱ እስካለ ድረስ የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ዋጋው ቀላል አይደለም። ቀን መዝለል ኩላሊቱን ሊያሳጣ ይችላል። ያም ሆኖ ሰውየው ይሠራል፣ ውሃ ይጠጣል፣ መንገድ ይሄዳል። ከዘመድ የተገኘ ኩላሊት ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ያገለግላል።

ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ላይ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው፣ የታማሚውን ፎቶ በባነር አሠርተው፣ «ወገን ድረስልን» የሚሉትን ታውቃላችሁ። ብዙዎቻችን ዐሥር ብር ጣል አድርገን «እግዜር ይማርህ» ብለን እናልፋለን። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። አሁን ግን ስሌት ይመጣብኛል። የዕድሩ መዋጮ፣ የዕቁቡ እጣ፣ የቲክቶኩ ላይቭ፣ የሠርግ ወርቅ ሽያጭ፣ ሁሉም ተደምሮ ስንት ረቡዕ ይገዛል? አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ ገንዘብ አንድ ጊዜ ለሚከፈል ነገር ይሆናል። እጥበት ደግሞ በየሳምንቱ ነው። የጋሼ ዕድር መጀመሪያ ላይ በአንድ ጊዜ ዳጎስ ያለ ብር ሰጠ፤ አለቀ። በኋላ አንዲት ዘመዳቸው «እኔ በየወሩ የመጀመሪያዋን እጥበት እከፍላለሁ» አለች። ብሯ ትንሽ ናት። የጋሼን ቤት ያረጋጋችው ግን እሷ ናት፤ ምክንያቱም ትመጣለች።

ሦስት ምርመራ

ግፊት፣ ስኳር፣ ወይም በቤተሰብ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሦስት ነገር ይበቃዋል፤ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ። ግፊት መለካት፣ ደም ውስጥ ክሬቲኒን፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን። ሽንት ላይ ቶሎ የማይጠፋ አረፋ፣ የእግር ወይም የዓይን ዙሪያ እብጠት፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሣት ካለ ዓመቱን አይጠብቅ። ቀድሞ ከተገኘ የሚያዘገይ መድኃኒት አለ። ኢናላፕሪል በየፋርማሲው ያለ የቆየ ኪኒን ነው፤ ግፊት ከማውረድ አልፎ ማጣሪያዎቹን ይጠብቃል። እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉ አዳዲሶችም መጥተዋል። የሚጀመሩት በሐኪም ነው፤ መጀመሪያ ላይ ክሬቲኒንና ፖታሲየም ይታያል።

እኔም ባለፈው ሐሙስ፣ ጋሼ ማሽን ላይ እያሉ፣ መንገድ ተሻግሬ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ገባሁ። ሦስቱንም አሠራሁ። የከፈልኩት ጠዋት ለራይድ ከከፈልነው ያንሳል። ክሬቲኒኑም ሽንቱም ደህና ነው። ግፊቱ ግን ከፍ ብሎ 148 በ92 መጣ።

ተመልሼ ስገባ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሳይገልጡ «ስንት አለህ?» አሉ። ነገርኳቸው።

«ኪኒን ሰጡህ?»

«ገና ነው ጋሼ። ሳምንት ድገም ብለውኛል።»

ማሽኑ ጮኸ። ነርሷ መጥታ የሆነ ነገር ተጫነችና ዝም አሰኘችው። ገና ሁለት ሰዓት ይቀራቸው ነበር።